ለሌላ የተለካ መግነዝ

ኪዱ የሞተው በዐቢይ ጾም፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ድንበር ማዶ ጋአን ሊባህ በሚባል የሶማሌዎች ሰፈር፣ ሐበሻ ግንበኞቹ በሚኖሩበት ግቢ ነው። ከባልደረባው ከአቻምየለህ ፔርሙዝ ጥቁር ሻይ ጠጣ፤ ሆዱን ይዞ ወደቀ፤ አልተነሣም። ፔርሙዙ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። የሰፈሩ ሰው የጠራው ሺሬ፣ ጅግጅጋ ሳለ አማርኛ የለመደ የቀድሞ ፖሊስ፣ ቸኩሎ የአቻምየለህን እጅ አሰረ። ማታ ታጣቂዎች ሊወስዱት ነው፤ ከተማውን በያዘው ጦርነት ታጣቂ የወሰደው ደግሞ አይመለስም።

ሺሬን ግን አንድ ነገር ከነከነው።

«ከዚህ ፔርሙዝ ማን ይጠጣል?» ሲል ምግብ አብሳይዋን ሸዋዬን ጠየቃት።

«እሱ ብቻ። ሌሎቻችን፣ እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ጾሙን ገድፈን በወተት ነው የምንጠጣው።»

«ኪዱስ?»

«መድፉ አስፈራው መሰለኝ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ‹እኔም እጾማለሁ› አለ። አቻምየለህ ደስ ብሎት ራሱ ሳይቀምስ ከፔርሙዙ ቀዳለት። የኪዱ ወንድም ፈጠነ ይህን አልሰማም፤ ዋሄን ገበያ ሄዶ ነበር።»

ሺሬ ፈጠነ ከገበያ ይዞት የመጣውን አቡጀዲ አስከሬኑ ላይ ዘርግቶ በክንዱ ለካው። ከዚያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ሳማታር፣ ዋሄን ሄደህ ለፈጠነ ምን አልከው?»

«‹ከእናንተ አንዱ ሞቷል› አልኩት» አለ ዘበኛው። «ወላሂ ስም አልጠራሁም። እሱም ምንም ሳይል ጨርቅ ሊያስቆርጥ ሄደ።»

ሺሬ ወደ ፈጠነ ዞረ። «መርዙ የተዘጋጀው ለጿሚው ነው። ቤት ውስጥ ወንድም ያለው ሰው ‹ማን ሞተ?› ሳይል መግነዝ አይገዛም። አንተ የሚሞተውን ታውቅ ነበርና አልጠየቅክም። ኪዱ አጭር ነው፤ ጨርቁ ግን ልክ የአቻምየለህን ቁመት ያህላል።»

ፈጠነ አመነ። «ነገ ወደ አገር የሚወጣው መኪና ላይ አንድ ቦታ ነበረ። ዕጣው ለአቻምየለህ ወጣ። እኔ ልጆች አሉኝ...»

«ቦታውን እኮ ትናንት በአንተ ስም አስመዝግቤዋለሁ» አለ አቻምየለህ ቀስ ብሎ። «ዛሬ ማታ ልነግርህ ነበር።»

«በጻድቅ ላይ አትሸምቅ ይላል መጽሐፉ» አለች ሸዋዬ እያለቀሰች። «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም!» እሷም ከቀትር ጀምሮ አቻምየለህን ስትራገም ስለዋለች ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ሺሬ ገመዱን ሲፈታ የአቻምየለህ የእጅ አንጓ ተልጦ አየ። አርባ ዓመት ፖሊስ ሆኖ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ኪዱን ሲገንዙት ጨርቁ ከእግሩ አልፎ ተረፈ። ፈጠነ ትርፉን ይዞ የራሱን ፊት ሸፈነበት፤ ማንም አልቀማውም።