ወደ ሳውናው የተጠረገ መንገድ

ብሪን ታስኪላ ጎረቤቷን በጥይት መታች። አስራ አራት ዓመቷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከአምስት። ሬይ ኡርባን የመኪናውን መስታወት በረዶ እየፋቀ ነበር። ጥይቱ ዳሌው ላይ ገባ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በሆዱ ተስቦ ስልኩ ጋ ደረሰ፤ ራሱ ደወለ።

ልጅቷ አልሸሸችም። ከአጥሩ ስር በረዶው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ጠመንጃው ከጎኗ ተጋድሟል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ውሻዬን ስለገደለብኝ ነው።»

ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

መርማሪ ሳጅን ሎርና ፔልኮላ አንድ ጥያቄ ቀራት። ጠመንጃው የአባትየው ነው። እንዴት እጇ ገባ?

አራት ሰዓት ላይ እነታስኪላ ቤት ደረሰች። በረዶ ሌሊቱን ሙሉ ጥሎ ንጋት ላይ ነው ያቆመው። የግቢው መግቢያ ስላልተጠረገ መኪናዋን መንገድ ዳር ትታ በእግሯ ገባች። በረዶው እስከ ባቷ ድረስ ነበር። እየተራገመች ገባች።

አባትየው ዴል በሩ ላይ ጠበቃት። እንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ነው የሚሰራው፤ ትከሻው በሩን ይሞላል። አብረው ነው የተማሩት።

«ነይ ላሳይሽ።»

ምድር ቤት ወረዱ። የጠመንጃ ካዝናው ከልብስ ማጠቢያው ጎን ቆሟል። በሩ ተጣሟል። ስሩ የጎማ መፍቻ ብረት ወድቋል።

«ሰብራው ነው» አለ ዴል። «እኔ ቆልፌ ነው የሄድኩት። ሕጉን አውቃለሁ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ምኑ?»

«ሕግ ማወቅ። በአስራ ሰባት ዓመትህ ያለ ፈቃድ ስታድን የያዘህ አባቴ ነው።»

አልሳቀም።

«ልጅ ያለበት ቤት ጠመንጃ ሳይቆለፍ ከተገኘ አባት ይታሰራል። ሁሉም ያውቃል። እኔ ቆልፌያለሁ። ጻፊው።»

ጻፈችው።

ወደ ጓሮ ወጣች። ወጣቱ ፖሊስ ኮርቢን እዚያ ቆሞ እጁን ያሟሙቃል። ከአጥሩ ጀምሮ የልጅቷን ዱካ ወደኋላ ተከትሎ መጥቷል።

«እስከዚህ ድረስ ይታያል፣ ሳጅን። እዚህ ጋ ይጠፋል።»

እዚህ ማለት ሳውናው ነው፤ በጓሮው መጨረሻ ያለች ትንሽ የእንጨት ቤት፣ የእንፋሎት መታጠቢያ። ከቤቱ የኋላ በር እስከ ሳውናው ድረስ ያለው መንገድ በአካፋ ተጠርጓል። ጥርግ ብሎ፣ ሳሩ እስኪታይ።

«አንተ ስትመጣ ተጠርጎ ነበር?»

«አዎ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው ዱካውን ተከትዬ እዚህ የደረስኩት።»

«ዴልስ?»

«ከእኔ በፊት ቤት ገብቷል። መጀመሪያ ልጁ ጋ ነበር የሄደው፤ ፖሊስ መኪና ውስጥ ሳለች። አቅፏት ብዙ ቆየ። ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አላት። እኔ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።»

«እንባህን ያዝ። ሳውና መቼ ነው የሚገባው?»

«ቅዳሜ ነዋ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

ኮርቢን መንገዱን አየ። ዞሮ ያልተጠረገውን መግቢያ አየ።

«ልጁ የታሰረችበት ሰው…» አለና አቆመ።

«አካፋ ያነሳል» አለች ሎርና። «ግን መኪና የሚገባበትን ትቶ።»

የፍተሻ ወረቀቱን ለዴል አሳይታ ሳውናውን ከፈተችው። አልተቆለፈም። ቁልፍ የሚባል ነገር የለውም።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውጭውን ያህል ይቀዘቅዛል። ሦስት ሚስማር አለ። አንዱ ላይ የአደን ጃኬት፣ አንዱ ላይ ሱሪ። በላያቸውና በስራቸው አዲስ የተቆረጠ የጥድ ቅርንጫፍ። ሦስተኛው ሚስማር ባዶ ነው።

ቅዳሜ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ልብሱ ሳምንት ሙሉ ብርድ ላይ ይሰቀላል፤ የሰው ሽታ ለቆ የጥዱን እንዲይዝ። ቤት ከገባ የወጡም የሳሙናውም ሽታ ይገባበታል፤ አጋዘኑ ከሩቅ ያውቅሃል። ጠመንጃውም አብሮ ይሰቀላል፤ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቅበት የማነጣጠሪያ መነጽሩ ያልበዋል። ይህን ለሎርና ማንም መንገር አያስፈልገውም።

«የተያዘውን ጠመንጃ ማንገቻ አይተኸዋል?»

«ዘለበቱ ውስጥ የጥድ ቅጠል ነበር» አለ ኮርቢን። «አለቀ በቃ! ከዚህ ነው የወሰደችው።»

«አገሩ ሙሉ ጥድ ነው። ጠበቃው ይስቅብሃል።»

ስልኳ ጮኸ። አቃቤ ሕጉ ሻፍ ነው።

«ካዝና ሰብራ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አባትየው እንደዚያ ይላል።»

«እንግዲያው አስባበታለች። ነገ አስር ሰዓት ላይ ክሱን አስገባለሁ። እንደ አዋቂ።»

«አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ሻፍ።»

«አውቃለሁ። ሕጉ ከአስራ አራት ጀምሮ ይፈቅድልኛል። ሌላ ነገር ካለሽ አምጪ።»

እንደ አዋቂ ማለት ሃያ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሠላሳም። ስልኩን ዘጋችው። ስልኩ ላይ አንድ መልእክት አለ፤ የአስራ ሁለት ዓመት ልጇ ሳይማ ናት። «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አልመለሰችላትም።

ከሰዓት በኋላ፣ ጣቢያ። ብሪን በእናቷ ጎን ተቀምጣለች። እናትየው ጆዲ ዳቦ ቤት ነው የምትሰራው፤ ሽርጧን አላወለቀችም። በስጋና በድንች የተሞላ ዳቦ አምጥታላታለች። አልተነካም።

«ካዝናውን በምን ከፈትሽው?» አለች ሎርና።

«በብረት ሰበርኩት።»

«ብረቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከ… ከጋራዥ።»

«በየት በኩል ነው የፈለቀቅሽው? ከላይ ነው ከታች?»

ልጅቷ እናቷን አየች። ከዚያ ጠረጴዛውን።

«ከላይ።»

ከታች ነው የተፈለቀቀው። ሎርና «ከላይ» ብላ ጻፈች።

«አባትሽ መኪናው ውስጥ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ብሪን፣ የኔ ልጅ…»

«ምንም አላለኝም! እሱን ተዉት! እኔ ነኝ የተኮስኩት፣ እሱ ምን አደረገ?»

ሎርና ልጅቷን አስወጣቻት። ጆዲ ቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመኪናሽ ጎማ ቢፈነዳ በምን ትፈቺዋለሽ?»

«ምን አይነት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኝ።»

«መፍቻ አለኝ፣ ከኋላ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የጠመጠምኩበት፤ ብርድ ላይ እጅ ስለሚቆርጥ።»

ሎርና ፎቶውን ወደ እሷ ገፋችው። ብረቱ፣ ካዝናው ስር። ሰማያዊ ፕላስተር።

ጆዲ አየችው።

«ታዲያ ምን? የኔ ነው። ከመኪናዬ አውጥታ…»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናሽ የት ነበረች?»

«ዳቦ ቤቱ በር ላይ። ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ። ሦስት ሰዓት ላይ ሲደወልልኝ ነው ወደ ቤት…»

ሽርጧን በሁለት እጇ ጨመደደች።

«የመኪናዬን የኋላ በር ክፍት አግኝቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ወደዚህ ልመጣ ስል። ብርድ ነው ብዬ፣ ደንግጬ ነው ብዬ… ዴል።»

«ጠመንጃው ሳውና ውስጥ ነበር?»

«እሁድ ዕለት ነግሬዋለሁ። ውሻው ከተገደለ በሦስተኛው ቀን። ልጅቷ አትበላም፣ አትተኛም፣ 'እገለዋለሁ' ትላለች፤ ጠመንጃውን ቆልፈው አልኩት። 'ዝም በያት፣ ያልፍላታል' አለኝ። 'ካዝና ካስገባሁት ያልበዋል' አለኝ።» ቀና አለች። «እኔም እኮ አውቅ ነበር። ራሴ ሄጄ መቆለፍ እችል ነበር።»

«አዎ።»

«እኔንም ትጠይቁኛላችሁ?»

«አንቺንም።»

«ይሁን» አለች ጆዲ። «ጻፊ። ሁሉንም ጻፊ።»

ዓርብ ጠዋት ዴል መጣ። ጢሙን ተላጭቷል። ወንበሩን አዙሮ ሊቀመጥበት ሲል «አስተካክለህ ተቀመጥ» አለችው።

«ቅዳሜ አደን ልትሄድ ነበር?»

«አብደሻል? ልጄ ታስራ?»

«ትናንት ጠዋት የልጅህን ዱካ በአካፋ ጠረግክ። የሚስትህን መፍቻ አውጥተህ ካዝናህን ሰበርክ። ልጅህን አቅፈህ 'ሰበርኩት በይ' አልካት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ልብስህን ከሚስማሩ አላወረድክም።»

ዴል የተላጨውን አገጩን ዳሰሰ።

«ቤት ቢገባ ይሸታላ» አለች ሎርና።

ፊቱ ቀላ። ቀጥሎ ነጣ።

«አላሰብኩትም» አለ። «እመኚኝ፣ አላሰብኩትም። እጄ በራሱ…»

«ልጅቷን ምን የሚያደርጓት መስሎህ ነው?»

«ልጅ ናት። ልጅን ምን ያደርጓታል? ምክር ነው፣ አንድ ሁለት ዓመት የልጆች ማረፊያ ነው። እኔን ግን እስር ቤት ነው የሚከቱኝ። ቤቱን ማን ይከፍላል? አንቺም እኮ ታድኛለሽ፣ ሎርና! ጠመንጃውን የት እንደምንሰቅል ታውቂያለሽ። ሁላችንም…»

«አውቃለሁ። ስማኝ። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሻፍ እንደ አዋቂ ሊከሳት ነው።»

«ምን?»

«እንደ አዋቂ።»

«አስራ አራት ዓመቷ እኮ ነው!»

«ለሕጉ ይበቃል። ካዝና የሰበረ ሰው አስቦበታል ነው የሚባለው። ሰበረች ያልከው አንተ ነህ። እሷም ላንተ ብላ እሺ አለች።»

ዴል ተነሳ። ኮርቢን ከበሩ ተንቀሳቀሰ። ዴል ግን የትም አልሄደም፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«እምቢ አላለችኝም» አለ። «እሺ አባዬ ነው ያለችው። እሺ አባዬ ብቻ።»

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ሎርና።

«እ?»

«አራት ሰዓት ነው። እስከ አስር ጊዜ አለህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አርባ ደቂቃ አወራ። ሳውናውን፣ አካፋውን፣ ብረቱን። ሚስቱ እሁድ ያለችውን። ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«እንደተናገርኩ ይነገራታል?»

«አንተ ትነግራታለህ።»

እንዲያያት የተፈቀደለት አምስት ደቂቃ ነው። ሎርና በመስታወቱ በኩል አየቻቸው፤ ድምፅ አይሰማም። ዴል አንገቱን ደፍቶ ይናገራል። ልጅቷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ አይ፣ አይ፣ አይ። ከዚያ መነቅነቋን አቆመች። ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደገፈች።

ሲወስዱት ብሪን በበሩ ቀዳዳ ኮርቢንን ጠራችው።

«ያ ዳቦ አለ?»

«የትናንቱ? ድንጋይ ሆኗል።»

«ግዴለም።»

ሻፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ልጅቷ በልጆች ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ አባትየው በአዋቂዎቹ። የጆዲን ነገር ሰኞ እናያለን አለ።

«ቀላል አይደለም፣ ሰው መታለች» አለ ሻፍ።

«ማን ቀላል ነው አለ?»

ከዚያ ሎርና ሆስፒታል ሄደች። ሬይ ኡርባን ዳሌው በብረት ተይዞ ተኝቷል። መራገም እስኪችል ድረስ ድኗል።

«ሚስተር ኡርባን፣ የጠመንጃውን ነገር ደርሰንበታል።»

«ሰማሁ። ነርሷ የኮርቢን አክስት ናት።» ወደ መስኮቱ ዞረ። «ውሻው አጋዘን ያባርር ነበር ብዬ ነው ለሁሉም የነገርኩት።»

«አያባርርም ነበር?»

«ያባርር ነበር። ግን ቀይ ማሰሪያ ነበረው፣ አንገቱ ላይ። የማን እንደሆነ አውቅ ነበር። አይቼ ነው የተኮስኩት። በነጋታው ልጅቷ ደጃፌ ድረስ መጥታ 'ለምን?' አለችኝ። ሂጂ ብዬ ዘጋሁባት። ዳኛው ፊት ይህንኑ እንድናገር ሊያቀርቡኝ ይችላሉ?»

«ከፈለጉ።»

«እፈልጋለሁ። ልጄ፣ ጻፊልኝ። እፈልጋለሁ በይ።»

ጻፈችለት።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም። ሳይማ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጥይት በመጠን በመጠን ትደረድራለች።

«አልመለስሽልኝም እኮ! ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?»

«ቆይ» አለች ሎርና።

ጋራዥ ገባች። ከበረዶ መንሸራተቻዎቹ ጀርባ፣ ከጥድ ቅርንጫፎቹ መሃል፣ ጠመንጃዋን ከሚስማሩ አወረደች። ቤት አስገባችው። ሙቀቱ ሲነካው አላበው። በፎጣ ጠረገችው፣ ካዝናው ውስጥ ከተተችው፣ ቆለፈችው። ተመልሳ ጥይቱን ከጠረጴዛው ሰበሰበች።