ሙሉ ደቂቃ

ገምጋሚው ሐኪም ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር የተገኘው። ማጅራቱን የመታው፣ ለወረቀት መጫኛ ያኖረው የድሮ ሚዛን ብረት ከወንበሩ ሥር ወድቋል። የአብራሪዎችን ጤና በሚመረምረውና ለዚሁ ሥራ ሐኪሞችን በሚያሠለጥነው ማዕከል «ወንፊቱ» ይሉት ነበር፤ ሌሎች ያሳለፉትን መዝገብ ሁሉ እንደገና እየነፋ ጉድፉን ያወጣ ነበርና።

መርማሪዋ እጆቿን ከኋላዋ አቆላልፋ ክፍሉን ዞረችው፦ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ። ጠረጴዛው ላይ በኮምፒውተር የተሞላ አንድ ቅጽ አለ፤ የአንድ ካፒቴን ዳግም ምርመራ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ይላል። የልብ ምት፦ ተኝቶ ሰባ ሁለት፣ ቆሞ ሰማንያ ስምንት፣ ካረፈ በኋላ ሰባ ስድስት። «ለበረራ ብቁ» ከሚለው ውሳኔ ሥር የሟቹ ማኅተም አርፏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ሃምሳ አለቃው። «በአራት ተኩል በሕይወት ነበሩ፤ ነርሷ አምስት ሰዓት ላይ ሞተው አገኘቻቸው። በዚህ መሐል ከትምህርት ክፍሉ የወጣችው አንዲት ሠልጣኝ ሐኪም ብቻ ናት። ትናንት አምስት መዝገብ ጥለውባታል። መኪናው ቆሟል፤ ልውሰዳት?»

«ምን ያስቸኩልሃል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ሠልጣኟ ዓይኖቿ ቀልተው ጠበቀቻት።

«ለምን ወጣሽ?»

«ላለቅስ።»

«አሥር ደቂቃ ሙሉ?»

«አምስት መዝገብ ነው የጣሉብኝ፤ ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ነው የደረሰው።»

መርማሪዋ ፈገግታዋን ዋጠችው። «ጥፋትሽ ምን ነበር?»

«የልብ ምት ሩብ ደቂቃ ቆጥሬ በአራት አባዛሁ። ዳይሬክተራችን ያስተማሩን እንደዚያ ነው። ገምጋሚው ግን ሙሉ ደቂቃ ካልተቆጠረ አይቀበሉም። ‹ምት የሚዘል ልብ ሩብ ደቂቃ ውስጥ ይደበቃል› ይሉ ነበር።» የቆመውን መኪና በመስኮት አየች። «ከወሰዳችሁኝ ሐኪምነቴ አበቃ፤ ነጻ ብወጣ እንኳ ማን ያምነኛል?»

ነርሷ አስከሬኑን እስካገኘችበት ሰዓት ድረስ፣ ከማለዳ ጀምሮ ከምርመራ ክፍሉ አልወጣችም፤ የሕንጻው አልጋ ያለውም እዚያው ብቻ ነው። መርማሪዋ እጇን ዘረጋችላት።

«ራሴን አዞረኝ፤ እስቲ ምቴን እዪልኝ።»

ነርሷ ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል ቆየች። መርማሪዋ ልትናገር ስትል «ዝም ይበሉ፤ ካወሩ ከአንድ ልጀምር ነው!» አለቻትና በመጨረሻ «ሰባ ሰባት» አለች።

በኋላ በቢሮው ያገኘችው ዳይሬክተር ግን ያንኑ እጅ ይዞ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው። «ሰማንያ አራት። ጤነኛ ነዎት ኢንስፔክተር፤ ሥራ በዝቶብዎት ነው።»

ቅጹ የተሞላለት ካፒቴን ቆቡን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። የዳይሬክተሩ እህት ባል ነው።

«መረመሩኝ፤ ብቁ ነህ አሉኝ። ሌላ ምን ይጠየቃል?»

«ቢሮአቸው ውስጥ?»

«አዎ።»

«አስተኝተው?»

«አዎ፣ አስተኝተው።»

መርማሪዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል መዝገብ ስታገላብጥ ቆየች። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም፣ ሠልጣኞቹ በሚማሩበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እኔን ለምን እንደጠሩኝ አልገባኝም» አለ ዳይሬክተሩ። «ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እዚሁ ሳስተምር ነበር፤ ሃያ ሐኪም ይመሰክራል።»

«ሃያዎቹንም አምናለሁ። የማላምነው ቅጹን ነው። ካፒቴን፣ የተኙት ምን ላይ ነው? ሟቹ ቢሮ ውስጥ አልጋ የለም።»

ካፒቴኑ ዳይሬክተሩን አየ።

«አልጋው ወዳለበት ክፍል ደግሞ ካፒቴኑ ዝር አላሉም» አለች ነርሷ ከኋላ።

«ስለዚህ ምርመራው አልተካሄደም፤ ቅጹ የተሞላው ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ማን ይጠቀማል? ሞቱ ከአራት ተኩል በኋላ እንዲመስል የሚፈልግ፣ ከአራት ከሩብ በፊት ግን የት እንደነበር የሚመሰክርለት የሌለ ሰው።» ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። «የሟቹን የአሥራ አንድ ዓመት መዝገብ አየሁ፤ ስልሳ ሰባት፣ ሰባ አንድ፣ ሰማንያ ሦስት እያለ ይሄዳል። እዚህ ቅጽ ላይ ግን ሦስቱም ቁጥሮች ለአራት ይካፈላሉ። እርስዎ ከሞሏቸው መዝገቦች ደግሞ አርባውን አወጣሁ፤ ለአራት የማይካፈል አንድም የለም።»

«ቁጥር ማንም ይፈጥራል!»

«ይፈጥራል። ሰው ሲዋሽም ግን በለመደው እጁ ነው የሚዋሸው። አመል ያወጣል ከመሐል።»

«እሷም በአራት ታባዛለች!» ጣቱን ሠልጣኟ ላይ ቀሰረ።

«እርስዎ ስላስተማሯት። ግን የሞቱን ሰዓት እሷ ራሷ ወደወጣችባት አሥር ደቂቃ ምን ብላ ታመጣዋለች? ከመዝገቡ እንዳየሁት፣ ሟቹ የእህትዎ ባል ልብ እንደሚዘል ደርሶበታል፤ ሦስት ዓመት ብቁ ነው ብለው ያሳለፉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ እሱን ከበረራ፣ እርስዎን ከወንበርዎ ሊያወርድ ነበር።»

«ደወለልኝ» አለ ካፒቴኑ በድንገት። «‹አራት ተኩል ላይ መርምረውኛል በል› አለኝ። ሰው መሞቱን አልነገረኝም!»

«ዝም በል አንተ!» አለ ዳይሬክተሩ። ወዲያው ጮኾ መናገሩ ራሱን አስደነገጠው፤ ተቀመጠ፤ ሃምሳ አለቃው ሲያስነሳውም አልታገለም። የቆመው መኪና እሱን ይዞ ሄደ።

ካፒቴኑ ቆቡን አደረገ። «እኔ... አሥር ሰዓት ላይ በረራ አለኝ።»

«በሐሰት ቃልዎ እንጠያየቃለን» አለች መርማሪዋ። «በረራው ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም።» ወደ ሠልጣኟ ተመለከተች።

ልጅቷ ተነሣች። «ይቀመጡ ካፒቴን» ብላ እጁን ያዘች። ዓይኗን ሰዓቱ ላይ ተክላ መቁጠር ጀመረች። ሩቡ አለፈ፤ ግማሹም አለፈ፤ የካፒቴኑን ግንባር አላበው።

«ሰባ ሦስት» አለች በመጨረሻ። «አራት ጊዜ ዘሏል፤ አራቱም ከግማሽ ደቂቃ በኋላ።»

«ዶክተር... ልጆች አሉኝ።»

«የተሳፋሪዎቹም አላቸው።»

ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። «ሌላ ካፒቴን ፈልጉ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ «አይ፣ ለዛሬ ብቻ አይደለም።»