ነጣ ይበል

በ«ሩቅ ተጓዥ» መርከብ ላይ ሰው ከመተኛቱ በፊት እግሩን ከአልጋው ጋር ያስራል። ፊት እንደመታጠብ ያለ ነገር ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። መርከቡ ላይ ክብደት እጅግ ቀላል ነውና፣ ያልታሰረ ሰው ባቱን ሲሸመቅቀው ተፈናጥሮ ከጣሪያ ጋር ይላተማል።

ዶክተር ትርሲትም ወንድሟ ደምመላሽ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ማሰሪያውን ራሷ አጠበቀችለት። ያሳሰባት ግን እግሩ አልነበረም። ደረቱ ላይ የተለጠፈው ልብ ጠባቂ፣ ምት ሲዛባ የሚጮኸው ስስ መሣሪያ፣ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።

«ይህን ነገር አጥፊልኝ፣ ትርስዬ» አላት። «ከልቤ ይልቅ እሱ ነው የሚገድለኝ።»

«ዝም ብለህ ተኛ።»

 ወዲያው ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠ፤ ልብ ጠባቂው ያለማቋረጥ ጮኸ። በኤሌክትሪክ ንዝረት መልሳ አነቃችው፤ ግን ቀጥሎ ቢደግመው እንደማትመልሰው ታውቃለች።

የልብን ምት የሚያስተካክሉትን ማዕድናት፣ ፖታሲየምንም ካልሲየምንም፣ ሰጥታዋለች። ሁለቱም ወንፊት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ሰውነቱ ውስጥ አልቆይ ብለዋል። ደም አንባቢው ማሽን ደግሞ እንደወትሮው «ሁሉም ጤናማ» ይላል።

«ጤናማ ከማን ጋር ሲነጻጸር?» አለች ተናዳ። መልስ አልጠበቀችም።

«ከመርከቡ ነዋሪዎች አማካይ ጋር» አለ ማሽኑ።

ትርሲት ክው አለች፤ ሁሉም ከታመሙ አማካዩም በሽተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ደም በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ነበርና ከእነሱ ጋር እንዲያነጻጽር አዘዘችው። ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማግኒዥየም፣ ጡንቻም ልብም ከተኮማተሩ በኋላ እንዲላሉ የሚያደርገው ማዕድን፣ ከቀድሞዎቹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የደምመላሽ ብቻ ቢሆን ምን ነበር፤ የሁሉም ነው፣ የራሷም። እሱ ሲጎድል ሌሎቹም ማዕድናት ሰውነት ውስጥ አይረጉም። የሚሸመቅቀው እግር፣ እምቢ የሚለው እንቅልፍ፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ፣ «የሰው ተፈጥሮ ነው» ብላ ያስተማረችው ሁሉ ለካ በሽታ ኖሯል።

ማግኒዥየሙን በደም ሥሩ ቀስ እያለች ሰጠችው። ልብ ጠባቂው ጸጥ አለ። እሷ ግን ንዴቱ አላስቀምጣት ስላለ፣ የሁሉም እህል ወደሚወጣበት ወደ ምግብ ክፍል ሮጠች።

የምግብ ማሽኑ ኃላፊ ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ማሽንዎ ተበላሽቷል። ከእህላችን ማግኒዥየም እያወጣ ነው።»

«ማሽኔስ አልተበላሸም፣ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «በየዘመን መለወጫው ሕዝቡን ‹እንጀራችሁ እንዴት ይሁን?› ብሎ ይጠይቃል። እኛም በየዓመቱ ‹ነጣ ይበል› እንላለን። እሱ ምን ያድርግ? የጤፉን ቅርፊት ላጠ፣ ላጠ፣ መንጣቱን እንጂ ሌላ ነገር አላስቀረም።»

«ጎመኑስ? የዱባ ፍሬውስ? እነሱም ማግኒዥየም አላቸው።»

«ለእንግዳ አይቀርብም ተብሎ በቦታው አበባ ተተከለ። አንቺም ድምፅ ሰጥተሻል።»

አዎ፣ ሰጥታለች። ማንም አላስገደዳትም።

በማግስቱ ቅርፊቱ ያልተላጠ ጤፍ ተጋግሮ ቀረበ፤ ቡናማ፣ ደረቱን የነፋ እንጀራ፣ ከጎመን ጋር። የመመገቢያው አዳራሽ ጫፍ ላይ የመርከቡ ትልቁ የመውጫ በር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ብቻ ነው ያለው። ደምመላሽ ፊቱ ቀላ ብሎ ተቀምጧል፤ ሌሊቱን እግሩን ሳያስር ተኝቶ አድሯል።

እናታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ግን ገበታውን ሲያዩ ደነገጡና በነጠላቸው ሸፈኑት።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! እንግዳ ቢመጣስ?»

 ትርሲት ልትስቅ ፈለገች፣ ግን ሳቁ አልመጣላትም።

«እማዬ» አለች በቀስታ፣ «ማን ነው የሚመጣው?»

ወይዘሮ እልፍነሽ የትልቁን በር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሌሎቹም ተመለከቱ። መርከቡ ከተነሣ ሦስት ትውልድ አልፏል፤ በአቅራቢያ ነፍስ ያለው ፍጡር የለም።

በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ነጠላውን አነሡ፤ ከእንጀራው ቆረሱ። ከዚያ አፋቸው ሳያደርሱ ቆም አሉ።

«እስቲ መጀመሪያ በሩን ዝጉት» አሉ። «ሰው አይየን።»

በሩ መርከቡ ከተነሣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ደምመላሽ ግን ተነሥቶ ሄደ፤ የዘጋ መስሎ ገፋ አደረገውና ተመልሶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ሁሉም በሉ።