ኢብሳን ሌላ ሰው ይገምግመው

ሰብለወርቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰበታ ላይ ሒሳብ ስታስተምር እጇ ከጠመኔ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ክፍሏን ለቃ ሱፐርቫይዘር ሆነች፤ ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ እየተዘዋወረች የሒሳብ መምህራንን ትደግፋለች። «ጎበዝ አስተማሪ ከክፍል ወጥቶ ምን ሊረባ ነው?» ያሏት ብዙ ናቸው። እሷም «ጋን በጠጠር ይደገፋል» ትልና ሚኒባሷን ትሳፈራለች። ኩሩ ናት፤ ኩራቷም በሥራዋ ነው።

ሱሉልታ ላይ የመምህር ኢብሳን ክፍል ያየችው ኅዳር ውስጥ ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበር። ኢብሳ በጠየቀ ቁጥር ስድሳው ተማሪ በአንድ ላይ እጁን ያወጣል፤ የተጠራውም ሁሉ ሳይሳሳት ይመልሳል። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይሄድ ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ሰብለወርቅ ግን ግማሹ ልጅ ቀኝ እጁን፣ ግማሹ ግራ እጁን እንደሚያወጣ፣ ኢብሳም ቀኝ ያወጡትን ብቻ እንደሚጠራ አየች።

ደወሉ ሲደወል ረጅሙ መምህር ፈገግ ብሎ መጣ።

«እንዴት አገኙት?»

«ግራ እጃቸውን ካወጡት ልጆች የሦስቱን ስም ይንገሩኝ እስቲ።»

ፈገግታው ጠፋ። ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አንከባለለ።

«ያልገባው ግራውን እንዲያወጣ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «እንግዳ ሲመጣ እንዳላፍር ብዬ።»

ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ሰብለወርቅ ልቧ የተነካው ያኔ ነው።

«እኔም ስጀምር አራት ዓመት እንዲሁ አድርጌያለሁ» አለችው። «ረቡዕ እመለሳለሁ። ከግራዎቹ እንጀምራለን።»

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ በመጣ ቁጥር አብረው ያቅዳሉ፣ አብረው ያስተምራሉ፣ ይጨቃጨቃሉም። «አንቺ ትቸኩያለሽ» ይላታል። «አንተ ደግሞ ልጁ ሳያስብ መልሱን ትነግረዋለህ» ትለዋለች። ማታ ማታ እስከ ሚኒባሱ ይሸኛታል። ባዶ ወንበር ያለው መኪና መጥቶ ሲቆም «ይሄ ይሂድ፣ የሚቀጥለው ይሻላል» ይላታል። የሚቀጥለውም ይሄዳል። እሷም እንጦጦን ቁልቁል ስትወርድ ለብቻዋ ትስቃለች።

ሚያዝያ ላይ እዚያው መንገድ ዳር ቆመው፣ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

ደስታዋ ፊቷ ላይ ታየ። ቢሆንም መጀመሪያ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች እንዲያልፉ መንገድ ለቀቀች።

«ዓመቱ ሲያልቅ የሥራ ግምገማ ነጥብህን የምሞላው እኔ ነኝ» አለችው። «ጥሩ ብሰጥህ ስለወደደችው ነው ይላሉ። የደከምክበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይገምግምህ፤ ከዚያ ትልካለህ።»

«ማን?»

«ኦቦ ሸምሰዲን።»

ሌላው ሱፐርቫይዘር ኦቦ ሸምሰዲን በሃያ ስምንት ዓመት ሥራቸው «ጋሪዳ»፣ ጥሩ ነው፣ ሲሉ የሰማቸው የለም።

«አላመንሽብኝም ማለት ነው» አለ ኢብሳ። የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ በሩን ከፈተላትና ዞር ብሎ ሄደ።

አምስት ሳምንት አልደወለም። እሷም አልደወለችም። ስለ ግምገማው ሰው ብትጠይቅ አዳላች ይባላል ብላ፣ የሱሉልታን ወሬ እንኳ ሸሸች። ስልኳን ግን ትደፋዋለች፣ መልሳ ታነሣዋለች። እውነቱን ተናግራ እሱን ማጣቷ ያንገበግባታል፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

ግንቦት መጨረሻ፣ እሑድ ረፋድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሰበታ አባቷ ቤት ገቡ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሰብለወርቅ ከጓዳ ሆና የአንዱን ድምፅ ስትሰማ ወደ በሩ ተጠጋች። ኦቦ ሸምሰዲን ነበሩ።

«ልጁን በደንብ ታውቁታላችሁ?» አሉ አባቷ።

«እኔ ቤተሰቡን አላውቅም» አሉ ኦቦ ሸምሰዲን። «ገምግሙኝ ብሎ መጣ፤ ቀኑን ሳልነግረው ሦስት ቀን ክፍሉ ገብቼ ሲያስተምር ነው ያየሁት። የሚያውቁትን ልጆች ትቶ የማያውቁትን ሲለምን ነው የሚውለው። የልጅ ልጄ እሱ ዘንድ ብትማር ደስ ይለኛል። ይህንኑ ብነግረው፣ ‹እንግዲያው ሽምግልናውንም እርስዎ ይሂዱልኝ› አለኝ።»

ጓዳ ውስጥ ሰብለወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። በእሱ ኮራች፤ በራሷም ኮራች።

አባቷ ጠሯት። ወጥታ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ልጄ፣ ሥራውን ከሁላችን በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። እውነት እኚህ እንደሚሉት ያለ ሰው ነው?»

ሰብለወርቅ ቀና ብላ ኦቦ ሸምሰዲንን፣ ከዚያ አባቷን አየች።

«እኔን አይጠይቁኝ አባባ» አለች። «እኔ አዳላለሁ።»