ማንን ጠየቃችሁ?

«ጨርሰናል አቦ! ነገ አንቺ ታነቢዋለሽ፤ ያንቺ ድምፅ ይሰማል» አለ ማቲ፣ ወረቀቱን ቤቴል ፊት እያኖረ።

ቤቴል የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግማ አነበበችው። «ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ሰዎች ኃላፊነት የሚፈሩ ናቸው» ይላል። የቡድን ሥራቸው ስለ ትዳርና ሳይጋቡ አብሮ ስለ መኖር ነበር። ቲቸር ቦልቴ ጉዳዩ በሦስት ወገን እንደሚታይ አስተምረዋቸዋል፦ አንዱ ትዳርን የኅብረተሰብ ምሰሶ ይለዋል፤ ሌላው ማን ተጠቅሞ ማን እንደሚጎዳ ይመረምራል፤ ሦስተኛው ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኑሯቸውን እንዴት እንደሚያዩት ያዳምጣል።

«ሦስተኛውን እኮ አልሠራነውም። ማንን ጠየቅን?» አለች ቤቴል።

«ሶዶ ውስጥ ማን ደፍሮ ያወራሻል? ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

ቤቴል ግን የሚጠየቅ ሰው ታውቃለች። ታላቅ እኅቷ ትዕዛዝ ቢጠና ከተማ ውስጥ ከዓምደሚካኤል ጋር ያለ ሰርግ መኖር ከጀመረች ከርማለች። እናታቸው ሽታዬ ግን ለቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ኅብረት «ለሥራ ነው የሄደችው» ብለዋል። ኅብረቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸዋ!

ቤቴል ቤት እንደደረሰች ጓሮ ገብታ እንሰቱ መሀል ቆማ ለእኅቷ ደወለች፤ ስለ ወረቀቱ ነግራት፣ ስለ ኑሮዋ ክፍል ውስጥ መናገር ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ፈሪዎች ነን በያ!» ትዕዛዝ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። «ዓምደሚካኤል ሽማግሌ ሁለቴ ልኮ የለ እንዴ? እማዬ ‹መጀመሪያ ጌታን ይቀበል› አለች። የሱ እናት ደግሞ ‹መጀመሪያ በኛ ትጠመቅ› አሉ። ሁለቱም ቤት ‹መጀመሪያ› እንዳለ ቀረ። ወባ ሲጥለኝ አዝሎ ጤና ጣቢያ ያደረሰኝ እሱ ነው። አባቱ ሲሞቱ ለቀስተኛ ሳስተናግድ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ግን ይከፋኛል ቤቲዬ፤ ሰርጌን እፈልገው ነበር። እሱንም ተናገሪ።»

«ስምሽንስ?»

«ስሜንም። መደበቅ ሰለቸኝ።»

ቤቴል ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል እናቷ ቆመዋል። ሰምተዋል።

«የቤታችንን ገመና አደባባይ ልታወጪው ነው?» አሉ። «እሑድ በምን ዐይኔ ሴቶቹን አያለሁ?»

ቤቴል እናቷን ትወዳለች። «እሑድ እንደ ወትሮው መዘምራኑ ጋ አልቀመጥም እማዬ። ካንቺ ጎን ነው የምቀመጠው፤ ሰው ካየንም አንድ ላይ ይየን። እኅቴን ግን ‹ፈሪ› ብዬ አላነብባትም።»

ሽታዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ።

በማግስቱ የነሱ ቡድን ተራ ሲደርስ ቤቴል ወጥታ ክፍሉ ፊት ቆመች። አነበበች፣ አነበበችና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«‹ኃላፊነት የሚፈሩ ናቸው› የምትለዋን የጻፍናት ማንንም ሳንጠይቅ ነው ቲቸር። እኔ ግን ትናንት ጠይቄያለሁ።»

«ማንን ጠየቅሽ?» አሉ ቲቸር ቦልቴ።

«ትዕዛዝን፤ እኅቴን። ከምትወደው ሰው ጋር ቢጠና ትኖራለች። አልተጋቡም።»

ክፍሉ አጉረመረመ። ከኋላ አንዱ አፏጨ፤ ማቲ አንገቱን ደፋ። ቤቴል አልተቀመጠችም። ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀችና ሁለቴ ከተላኩት ሽማግሌዎች ጀምራ መናገር ቀጠለች።