የጠላቂው ልጅ

ደብሪቱ ስትቆጣ የእኔ ውሻ እንኳ ጭራውን ቆልፎ ቤት ይገባል። ያን እሑድ ግን የካ ሚካኤል ሥር የምንኖር ሁላችንም መግቢያ አጣን።

ዘነበ ወሰን ሰፈር ካለ ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው። መጀመሪያ እነ ደብሪቱ ቤት የመጣው ለእሷ አልነበረም፤ ለአባቷ ነበር። ጋሽ ልደቱ ምፅዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ሲፈርስ በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው ሰፈራችን ገቡ። ዘነበ እየመጣ ስለ ባሕር ሆድ ይጠይቃቸዋል፤ በሩን የምትከፍትለት ደብሪቱ ናት። አጥር ለአጥር ነን፣ ምን ይደበቀኛል? ጥያቄው እያጠረ፣ በሩ ላይ ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ።

ጅቡቲ ወደብ የውኃ ውስጥ ብየዳ ሥራ ሲያገኝ ሽማግሌ ላከ። እሱ በወጉ መሠረት አልገባም፤ እኔ ግቢ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹም ጋሽ ልደቱ ግቢ ገብተው፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል።

«ባሕር ለሚገባ ሰው ልጄን አልሰጥም!» አሉ ጋሽ ልደቱ። «እግሬን ወስዷል፣ ይበቃዋል!»

ይሄኔ ዘነበ ወጉን ረስቶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ የሸራ ልብስ ነበር! አሁን ብረት ለብሶ መውረድ አለ፤ የውኃው ግፊት ገላ አይነካም!»

«ብረቱን አንተ ልትነግረኝ? ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ከመቶ ዓመት በፊት ሠርተውት የክርንና የጉልበቱ መጋጠሚያ ውኃ አስገባ!»

«ኋላ መጋጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ተሞልቶ ተስተካከለ እኮ!»

«ብረት ብረት አትበለኝ!»

ተዉ ቢባሉ ማን ሰምቶ! ዋናው ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ እንኳ የመጡበትን ረስተው፣ «ታላቁ እስክንድርም እንደ ደወል ባለ መስታወት ውስጥ ሆኖ ባሕር ወርዷል ይባላል» ብለው ገቡበት።

በሩ ተበረገደና ደብሪቱ ወጣች።

«አንተ! ማንን ልታገባ ነው የመጣኸው? አባቴን ነው? ውሰዳቸው! ከነምርኩዛቸው!»

«ደብሪቱዬ...»

«ደብሪቱዬ አትበለኝ! ጅቡቲ ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል? እርስዎስ አባዬ! እግርዎን የወሰደው ባሕሩ ነው? ጀልባው ላይ ገመድ የያዘው ሰው ደንግጦ ባንዴ ሲጎትትዎት ደምዎ ውስጥ አየር ፈልቶ እግርዎን ስላሽመደመደው አይደለም? ይህንኑ ሲነግሩኝ ነው ያደግሁት!»

ጋሽ ልደቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ስለ ልብሱ ትጨቃጨቃላችሁ። ገመዱን ማን ይይዛል? አንዱ መንገደኛ? እኔ ነኝ የምይዘው! አለዚያ እሱ አንዲት ክንድ ታህል አይወርድም!»

ጋሽ ልደቱ በሁለቱ ምርኩዛቸው ወደ እሷ ተጠጉ።

«እንግዲያው ስትጎትቺው ቀስ እያልሽ» አሉ። «መሃል ላይ እያቆምሽ። ቢጮህም እንዳትቸኩዪ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እሺ ማለታቸው ነው?»

«እሺ ነው፣ ተቀመጡ!» አልኳቸው በአጥሩ።

ደብሪቱ ወደ ዘነበ ዞረች። እንባዋ ይወርዳል፤ ቁጣዋ ግን አልበረደም።

«አሁንስ ምላስህ የት ገባ? ጠይቀኝ!»

ጠየቃት። «ጅቡቲ አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ?» አላት።

«እሺ!» ብላ ጮኸችበት። እንዲህ የተቆጣ እሺ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ አላውቅም።