ዐይኑ የበዛ ውሻ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲገባ፣ በስኮትላንድ ደቡባዊ ኮረብቶች የጌታውን የዳልግሊሽን በጎች የሚጠብቀው ዋት ሌድሎ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ውሻው ግሌን ጠጉሩ ረጅም፣ ግንባሩ ቦቃ፣ አንድ ጆሮው የቆመ፣ ሌላው የታጠፈ ሲሆን ግራ ዐይኑ ሰማያዊ ነበር።

የዚያ አገር እረኞች በጎችን በእይታው ብቻ የሚገታውን ውሻ «ዐይን አለው» ይሉታል። የግሌን ግን ከልክ ያለፈ ነበር፤ ደረቱን መሬት አስነክቶ አንዴ ካፈጠጠ፣ በጎቹ ካልተራመዱ በቀር እሱም ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለውን «ዐይኑ በዝቷል» ይሉታል።

ዋትም የጌታውን ልጅ ናንን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያያት ኖሯል። ቃል ግን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ረቡዕ ናን ከበረቱ አጥር አጠገብ አገኘችው።

«የማዶው ኤሊዮት ላግባሽ ብሎኛል» አለችው። «እሑድ መልስ እሰጠዋለሁ።»

ዋት ዐይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ቆመ። ግሌንም ከእግሩ ሥር ተኝቶ በጎቹ ላይ አፍጥጦ ቀርቷል። ናን ጠበቀች፤ ጠብቃ ጠብቃ ድምፅዋ ተሰበረ።

«ዐይኑ በዝቷል! ከማፍጠጥ በቀር ምን ያውቃል? ከእንዲህ ያለው ጋር ማን ይዘልቃል?» ብላ ሄደች።

ዋት ወደ ውሻው ተመለከተ።

ቅዳሜ ዕለት ጠጉሯ አጭር፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ የወደቁ፣ ወገበ ቀጭን የሆነች ውሻ ይዞ መጣ።

«እስቲ እይያት። የእሷ ዐይን ልከኛ ነው፤ ስትጠሪያት ትመጣለች።»

«ግሌንስ?»

«ለከብት ነጋዴ ሰጠሁት። አንቺ አይደለሽ እንዴ ዐይኑ በዝቷል ያልሽው?»

ናን በእጇ አፏን ያዘች። «ምነው ዋት! ስለ ውሻው የተናገርኩ መሰለህ?»

ነገሩ ሲገባው ፊቱ ነጣ። ቡችላ ሳለ ጀምሮ ያሳደገውን ውሻ በከንቱ ሰጥቷል። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አሁንም አያት እንጂ አልተናገረም።

«እንግዲያው ደኅና ሁን» አለችው። ፊቷን አዙራ ወደ አባቷ ቤት መራመድ ጀመረች።

የተራመደችው እሷ፣ የተፈታው እሱ ሆነ።

«ናን! ኤሊዮትን እምቢ በይው! እኔን... እኔን አግቢኝ።»

ቆመች፤ ግን አልዞረችም። «ጮክ በል፤ አባዬ ጆሮው ከብዷል።»

«እኔን አግቢኝ!»

ከመስኮቱ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ መጣ። «በሕግ አምላክ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ሐሳቡን ሳይቀይር እሺ በይውና በጎቼን ያስገባልኝ!»

በጸደይ ተጋቡ። ከዚያ በፊት ግሌንን ፍለጋ አብረው ሄደው ነበር፤ ነጋዴው ግን ለማያውቀው መንገደኛ ሸጦት ኖሮ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ናን አርጅታም እንኳ ግንባረ ቦቃ ውሻ ባየች ቁጥር መንገድ ላይ ትቆም ነበር፤ ዋት ግን አንገቱን አቀርቅሮ ያልፋል።

ሰማያዊው ዐይን የግራው ነው ብዬ ጽፌአለሁ፤ ናን የቀኙ ነው ትል ነበር። ግሌንን ከዚያ ወዲህ በየትም ያየው ሰው ካለ ያርመኝ።